ፊት ወይስ ካባ? በናፖሌዎን ዘመን ስለ ተሣሉት የገዥዎችና የጦር አለቆች መልክ

በሕዝቦች ልማድና ሥርዓት ላይ ጥናት የሚያደርግ ሰው የአንድን አገር ዘውድ፣ በትረ መንግሥት ወይም የማዕረግ ልብስ ሲመለከት የዕቃውን ውበት ብቻ አይቶ አያልፍም። ማን አሠራው፤ በማን ፊት ይታያል፤ ያዩትስ ሰዎች ምን እንዲያምኑ ይፈለጋል ብሎ ይመረምራል። የገዥዎች የመልክ ሥዕል ግን በሸራ ላይ ስለ ተሣለ ብቻ ከዚህ ዐይነቱ ምርመራ ሲያመልጥ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በፈረንሳይ አገር በናፖሌዎን ቦናፓርት ዘመን የተሣሉትን የገዥዎችና የጦር አለቆች መልኮች እንደ ሥርዓት ዕቃ አድርገን ለመመልከት እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ እነዚህ ሥዕሎች ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲሰጥ ቆይቷል። አንደኛው ወገን ሥዕሎቹ የውዳሴ ከንቱ ሥራዎች ናቸው፤ ሠዓሊዎቹም ለእንጀራቸው ሲሉ እውነትን የሸጡ ሰዎች ናቸው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የመንግሥቱን ነገር ወደ ጐን ትቶ የእጃቸውን ጥበብና የቀለማቸውን ውበት ብቻ ያደንቃል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ስተዋል። የገዥ የመልክ ሥዕል ገዥው ምን እንደሚመስል የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ለሥልጣኑ ምን እንደ ጐደለው የሚነግረን ግን ብዙ ነው። ሠዓሊው ያበዛውን ዕቃ ተከትሎ የሚሄድ ተመልካች ገዥው የሚፈራውን ነገር ያገኛል።

እንደሚታወቀው ናፖሌዎን ዙፋንን ከአባቱ የወረሰ ሰው አልነበረም። በ1769 ዓ.ም. በኮርሲካ ደሴት ሀብቱ ትንሽ ከሆነ የመኳንንት ቤተ ሰብ ተወለደ፤ በመድፈኛነት ሠለጠነ፤ በ1796 የኢጣልያ ጦር አዛዥ፣ በ1799 የሪፑብሊኩ አንደኛ ቆንስል፣ በ1804 ንጉሠ ነገሥት ሆነ። በ1793 ንጉሡን በሞት የቀጣ ሕዝብ ዐሥራ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ በሌላ ዘውድ ፊት እንዲቆም ተጠየቀ። ይህን ያህል ፈጣን ለውጥ በአዋጅና በጦር ኀይል ብቻ ማጽናት አይቻልም፤ ለዐይንም መታየት አለበት። ስለዚህ በ1802 የሙዚየሞች ዋና ሹም የሆነው ዶሚኒክ ቪቫን ዴኖን ለሠዓሊዎች ትእዛዝ ይሰጥ ነበር፤ ሥራዎቹም «ሳሎን» በሚባለው በፓሪስ ኤግዚቢሲዮን ለሕዝብ ይታዩ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው አንትዋን ዣን ግሮ በ1796 በሚላኖ የጀመረው የአርኮሌ ሥዕል ነው። ወጣቱ ጄኔራል በአንድ እጁ ሰንደቅ ዓላማ፣ በሌላው የተመዘዘ ሰይፍ ይዟል፤ ረዥሙ ጠጕሩ በነፋስ ተበትኗል፤ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ የሚከተሉትን ወታደሮች የሚጠራ ይመስላል። ግሮ ጄኔራሉን በሕይወቱ አይቶ የሣለው ስለ ሆነ ፊቱ የሰው ፊት ነው፤ የከሳ፣ የቸኰለ፣ ገና ምንም ያላገኘ ሰው ፊት። ጄኔራሉ ቁጭ ብሎ ለመሣል ትዕግሥት ስላልነበረው ሚስቱ ጆዜፊን በጕልበቷ ላይ አስቀምጣ ትይዘው ነበር ተብሎ ይተረካል።

ነገር ግን በዚህ ሥዕል ውስጥ እንኳ ታሪኩ ተስተካክሏል። በኅዳር ወር 1796 በአርኮሌ ድልድይ ላይ በመጀመሪያው ቀን የተደረገው ጥቃት አልተሳካም፤ ቦናፓርትም ወደ ረግረጉ ወደቀ፤ ሊከልለው የቆመው የቅርብ መኰንኑ ሙዊሮን ተገደለ። ግሮ ረግረጉንም፣ ሙዊሮንንም፣ ወደ ኋላ የሚሸሹትንም ወታደሮች ከሸራው ውጭ አስቀርቷል። የቀረው አንድ ሰውና አንድ ሰንደቅ ዓላማ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሥዕሉ የብዙ ሰዎችን ድካምና ሞት ለአንድ ፊት ሰጥቶ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ደረጃ ዣክ ሉዊ ዳቪድ የሣለው የቅዱስ በርናርድ ተራራ መሻገር ነው። ሥዕሉን ያዘዘው የእስፓኝ ንጉሥ ካርሎስ 4ኛ ነበር፤ ዳቪድና ረዳቶቹ ከ1801 ጀምሮ አምስት ቅጂ ሠርተዋል። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ይታያል፤ የፈረሰኛው ካባ በነፋስ ተነሥቷል፤ ፈረሰኛው ግን ፊቱ ፍጹም የረጋ ሆኖ እጁን ወደ ተራራው ራስ ያመለክታል። ከፈረሱ እግር በታች በድንጋዩ ላይ የቦናፓርት፣ የሐኒባልና የታላቁ ካርል ስሞች ተቀርጸዋል። እነዚህ ሁለቱ ከእርሱ በፊት የአልፕን ተራሮች የተሻገሩ የጦር መሪዎች ናቸው።

እውነተኛው ታሪክ ግን እንዲህ ነው። ቦናፓርት በግንቦት 1800 ተራራውን የተሻገረው በበቅሎ ተቀምጦ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነ አንድ መንገድ መሪ በቅሎዋን እየሳበለት ነበር። በቅሎ በእኛ አገር የመኳንንትና የካህናት መቀመጫ ስለ ሆነች ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለምን እንደ ተደበቀች ሊደነቅ ይችላል። ምክንያቱ በሮማ ከሚገኘው ከማርቆስ አውሬልዮስ የነሐስ ሐውልት ጀምሮ በኤውሮጳ ልማድ የገዥነት ምልክት ፈረስ መሆኑ ነው። የተቈጣን ፈረስ በአንድ እጁ ይዞ ፊቱ የማይለወጥ ሰው ሕዝብንም እንዲሁ ለመያዝ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። አብዮት ያናወጠውን አገር ለሚይዝ ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አልነበረም። በሌላ ሰው የምትሳብ በቅሎ ግን ይህን ምሳሌ ታፈርስበታለች፤ ልጓሙ በመንገድ መሪው እጅ ነውና።

አንደኛው ቆንስል ለዚህ ሥዕል ቁጭ ብሎ ለመሣል እንቢ እንዳለና የታላላቅ ሰዎች ሥዕል መልካቸውን ይምሰል አይምሰል ማንም እንደማይጠይቅ ለዳቪድ እንደ ነገረው ይነገራል። ዳቪድም ልብሱንና ባርኔጣውን ተቀብሎ ልጁን በመሰላል ላይ አስቀምጦ ሠራ። ይህ ነገር ለእኛ ጥናት ትልቅ ትርጓሜ አለው፤ ገዥው ራሱ ፊቱ እንዳያስፈልግ ወስኗልና። ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1848፣ ፖል ዴላሮሽ ያንኑ መሻገር በበቅሎ ሣለ፤ ፈረሰኛው በበረዶ ውስጥ የደከመና የተከዘ ሰው ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰዎች የዴላሮሽን ሥዕል እውነተኛ፣ የዳቪድን ሐሰተኛ ይላሉ። ነገር ግን ናፖሌዎን በ1821 ሞቶ ነበር፤ ዴላሮሽ የተናገረው ዋጋ የማያስከፍል እውነት ነው። ዳቪድ ግን ሥልጣኑ በሚሠራበት ሰዓት ሥልጣኑ የሚፈልገውን ነገር አሳይቶናል።

ሦስተኛው ደረጃ የዘውዱ ዘመን ነው። በታኅሣሥ 2 ቀን 1804 በኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን የዘውድ በዓል ተደረገ። ዳቪድ ይህን በዓል ወደ 10 ሜትር በሚጠጋ ሸራ ላይ ከ1805 እስከ 1807 ሣለው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውዱን በራሱ ላይ በገዛ እጁ የጫነ ስለ ነበረ ዳቪድ አስቀድሞ በንድፉ ላይ ይህንኑ አድርጎ ነበር፤ በኋላ ግን ትዕቢት እንዳይመስል ዘውዱን ለሚስቱ ሲጭን አድርጎ ለወጠው። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፒዮስ 7ኛ እጃቸውን በጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እጃቸውን አንሥተው የሚባርኩ ሆነው ተሣሉ። በበዓሉ ላይ ያልተገኙት የንጉሠ ነገሥቱ እናትም በሥዕሉ መካከል ተቀምጠው ይታያሉ። እንግዲህ ሥዕሉ በዓሉ እንዴት እንደ ተደረገ አይነግረንም፤ በዓሉ እንዴት ሊሆን ይገባው እንደ ነበረ የሚደነግግ ሁለተኛ የዘውድ ሥርዓት ነው።

በ1805 ፍራንሷ ዤራር ንጉሠ ነገሥቱን በዘውድ ልብሱ ሙሉ ቁመናውን ሣለው። ይህም መንግሥቱ የወደደው ይፋ መልክ ሆኖ በብዙ ቅጂ እየተባዛ ተላከ፤ በጎብለን የሽመና ቤትም በክር ተሸምኖ ተሠራ። በዚህ ሥዕል ላይ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ መመርመር ይገባል። ቀዩ የከፋይ ካባ በውስጡ ኤርሚን የተባለው ትንሽ አውሬ ነጭ ጠጕር አለበት፤ ይህ የቀድሞዎቹ የፈረንሳይ ነገሥታት ልብስ ነው። በካባው ላይ በወርቅ የተጠለፉት ንቦች፤ የጥንት የፍራንኮች ንጉሥ ከነበረው ከሽልድሪክ መቃብር በ1653 በቱርኔ ከተማ ከተገኙት የወርቅ ንቦች የተወሰዱ ናቸው። ንስሩና የሎረል ቅጠል አክሊሉ ከሮማ ቄሣሮች የመጡ ናቸው። በበዓሉ ላይ ከነበሩት በትሮች አንዱ በ14ኛው መቶ ዓመት ለንጉሥ ሻርል 5ኛ የተሠራ ሆኖ በራሱ ላይ የታላቁ ካርል ምስል ያለበት ነው።

ይህን ሁሉ ዕቃ የምንመለከተው ለጌጡ ስንል አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ አባት ነው። ዘር ያለው ንጉሥ ከአባቱ የወረሰው አንድ ዘውድ ይበቃዋል፤ ዘር የሌለው ንጉሥ ግን አባቶቹን ከየመቃብሩ ይሰበስባል። በ1805 የነበረ ተመልካች በሥዕሉ የታላቅነት ምልክት አይቶ ይሆናል፤ እኛ ግን የወላጅ አልባነት ምልክት እናያለን።

ይህንን ነገር ከሁሉ ይልቅ የገለጠው ዣን ኦጉስት ዶሚኒክ አንግር በ1806 ያቀረበው ሥዕል ነው። የ26 ዓመት ወጣት የነበረው አንግር ንጉሠ ነገሥቱን በዙፋን ላይ ፊት ለፊት አስቀመጠው። በቀኝ እጁ ረዥሙን በትር፣ በግራ እጁ የፍርድ እጅ የተባለውን ሌላ በትር ይዟል፤ ካባው፣ ኤርሚኑ፣ ወርቁና ሰንሰለቱ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። ከዚህ ሁሉ ልብስ መካከል የሰም የሚመስል አንድ ነጭ ፊት ይታያል። ሠዓሊው የጥንቱን የግሪክ የዜውስ ምስልና በዚያን ጊዜ ከጌንት ከተማ ተማርኮ በፓሪስ የነበረውን የቫን አይክን የእግዚአብሔር አብ ሥዕል ተከትሏል።

በሳሎኑ ላይ ሥዕሉ ክፉኛ ተተቸ፤ «ጎቲክ» ነው፣ ወደ ጨለማው ዘመን የተመለሰ ነው ተባለ፤ አንግርም ይህን የሰማው ወደ ሮማ ከሄደ በኋላ ነበር። እኔ ግን ተቺዎቹ የተቈጡት ሥዕሉ ስለ ተበላሸ አይመስለኝም። አንግር ከታዘዘው በላይ ታዛዥ ሆኖ ነበር። ሌሎች ሠዓሊዎች ካባውን በሰው ላይ ሲያለብሱ እርሱ ካባውን ራሱን አነገሠው፤ ከካባውም በታች የሰው አካል መኖሩ ያጠራጥራል። ውዳሴ ከልኩ ሲያልፍ ወደ ምስክርነት ይለወጣል። ዤራር መንግሥቱን ደስ አሰኝቷል፤ አንግር ግን መንግሥቱ ምን እንደ ሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ከሁለቱ ሥዕሎች የአንግርን ማስቀደም ይገባል።

የጦር አለቆቹም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ናፖሌዎን በግንቦት 1804 ዐሥራ ስምንት ማርሻሎችን ሾመ፤ ሙሉ ቁመና መልካቸውም ተሥሎ በቱዊለሪ ቤተ መንግሥት አዳራሽ እንዲሰቀል አዘዘ። ከእነዚህም መካከል ኔ የበርሜል ሠሪ ልጅ፣ ሙራ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበሩ፤ ማሴናም በልጅነቱ በመርከብ ላይ አገልግሏል። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዘር ሐረግ ነበር፤ አሁን የተሰቀለው ግን የሥራ ውጤት ነው። ይህን የአብዮቱን መልካም ፍሬ መካድ አይገባም። ነገር ግን የበርሜል ሠሪው ልጅ የተሣለው እንደ ጥንት መስፍን ሆኖ ነው፤ ያወጣው ችሎታው በፊቱ እንዲታይ አልተደረገም፤ በዱላው፣ በካባውና በሰንሰለቱ ተሸፈነ እንጂ። ቤተ መንግሥቱ በ1871 ሲቃጠል አዳራሹም አብሮ ጠፋ።

ሙራ በ1808 የናፖሊ ንጉሥ ሆነ፤ ግሮም በ1812 ከበስተኋላው የቬሱቭ ተራራ እየጤሰ በፈረስ ላይ ሣለው። ሥዕሉ በቀለሙ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ ንጉሥ መንግሥቱን አጥቶ በጥይት ተደብድቦ መሞቱን የሚያውቅ ተመልካች ከተራራው ጢስ ላይ ዐይኑን መንቀል ያስቸግረዋል። ያው ግሮ ደግሞ ሻርል ለግራን የተባለውን ወጣት መኰንን ሥሏል። ወጣቱ በግንቦት 2 ቀን 1808 በማድሪድ ሕዝብ ተቃውሞ ላይ ተገድሎ ነበር፤ ሥዕሉ የተሣለው ከሞቱ በኋላ ለአባቱ ለጄኔራል ለግራን ነው። የለበሰው ያጌጠ የወታደር ልብስ እንደ ሙራው ያበራል፤ ነገር ግን እዚህ ሥዕሉ ለአዳራሽ አልተሠራም፤ ለለቅሶ ቤት ነው። በጌጡ ውስጥ የልጅ ፊት ስናይ የመንግሥቱ ክብር በማን ሂሳብ እንደ ተከፈለ እንረዳለን።

ይህ ሂሳብ በይፋው ሥዕል ውስጥ በግልጥ የገባው በኤይላው ነው። በየካቲት 1807 በምሥራቅ ፕሩስያ በበረዶ ላይ የተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ያለ ግልጥ ድል ስለ ተፈጸመ በፓሪስ ወሬው ከባድ ሆነ። መንግሥቱ ይህን ወሬ ለማብረድ በዴኖን አማካይነት የሠዓሊዎች ውድድር አወጣ፤ ትእዛዙም ድሉን ሳይሆን የንጉሠ ነገሥቱን ርኅራኄ ማሳየት ነበር። ግሮ አሸንፎ በ1808 ሥዕሉን አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ በፈረስ ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ በሐዘን ይመለከታል፤ ሙራ በአጠገቡ በጌጡ ይታያል። ነገር ግን ከሸራው በታች፣ ከተመልካቹ ፊት ለፊት፣ በረዶ የሸፈናቸው ሬሳዎች ከሕያው ሰው በሚበልጥ መጠን ተከምረዋል። ወደ ሥዕሉ የቀረበ ሰው ዐይኑ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ከማረፉ በፊት በእነርሱ ላይ ያርፋል። ትእዛዙ በቃል ተፈጽሟል፤ የተዘረጋው እጅ ግን ለዚያ ሁሉ ሬሳ አይበቃም። በአርኮሌ ከሸራው ውጭ የቀሩት ሙታን ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ሠዓሊ እጅ ተመለሱ።

በ1812 ዳቪድ ንጉሠ ነገሥቱን በሥራ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ሣለው። የሚገርመው ነገር ሥዕሉን ያዘዘው አገሩ ከፈረንሳይ ጋር ይዋጋ የነበረ አሌክሳንደር ዳግላስ የተባለ የስኮትላንድ መስፍን መሆኑ ነው፤ ሥዕሉ ዛሬ በዋሽንግተን ይገኛል። ዘውድ የለም፤ ካባም የለም። ሰዓቱ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ያሳያል፤ ሻማው ሊያልቅ ደርሷል፤ በጠረጴዛው ላይ የሕጉ ጽሑፍ፣ በወንበሩ ላይ ሰይፍ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የጠባቂ ጦሩን መኰንን ልብስ ለብሷል፤ ጠጕሩ ሳስቷል፤ ሆዱ ገፍቷል፤ እግር ሹራቡ ተሸብሽቧል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ፊቱ በመጨረሻ ተመለሰ ይላሉ። እኔ ግን በጥንቃቄ መናገር ይሻላል እላለሁ። ለዚህም ሥዕል ቢሆን ንጉሠ ነገሥቱ አልተቀመጠም፤ ድካሙም እንደ ዘውዱ ምልክት ነው። መንግሥቱ የጥንት አባቶችን መሰብሰብ ስላልጠቀመው አሁን ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ እርሱ እንደሚተጋ በማሳየት ፍቅር ይለምናል። ይሁን እንጂ ዳቪድ ለዚህ ልመና ሲል ያረጀውን አካል ማሳየት ነበረበት፤ በዚህም በኩል እውነት በጓሮ በር ገብታለች።

በዚያው ዓመት ገና 21 ዓመት የሆነው ቴዎዶር ዤሪኮ በሳሎኑ ላይ የሚጋልብ የፈረሰኛ መኰንን አቀረበ። ሥዕሉ በቁመቱ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ይህም ለነገሥታት የሚገባ መጠን ነበር። ፈረሱ እንደ ዳቪድ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ቆሟል፤ ነገር ግን ፈረሰኛው ወደ ተራራ ራስ አያመለክትም፤ ወደ ኋላ ዘወር ብሎ በጢስና በእሳት መካከል ይመለከታል። በ1814፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ፣ ዤሪኮ ከጦር ሜዳ የሚወጣ የቈሰለ ፈረሰኛ ሣለ። ሰውየው ከፈረሱ ወርዷል፤ በተንሸራታች ቁልቁለት ላይ በሰይፉ ተደግፎ ፈረሱን ለመያዝ ይጨነቃል፤ ፊቱንም ወደ ላይ አዙሮ የማይታየንን ነገር ያያል። ስሙ አልተጻፈም፤ ማዕረጉን ማንም አይጠይቅም።

ከእነዚህ ሥራዎች የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። በ1796 ፊት ነበረ፤ በ1801 ፊቱ አያስፈልግም ተባለ፤ በ1806 ካባው ፊቱን ዋጠው፤ በ1814 ፊቱ ሲመለስ ግን የገዥው ፊት ሆኖ አልተመለሰም፤ ስም የሌለው የቈሰለ ወታደር ፊት ሆኖ ተመለሰ እንጂ። ሠዓሊዎቹን ሐሰተኞች ብለን ብናልፋቸው ይህን መንገድ ባላየነው ነበር፤ የእጃቸውን ጥበብ ብቻ ብናደንቅም እንዲሁ ባመለጠን ነበር። ታዛዦች መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ጥሩ ሠዓሊ የታዘዘውን በሙሉ ልቡ ሲሠራ ያላሰበውን ነገር ጭምር ይመሰክራል። የማንኛውንም አገር ገዥ መልክ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ ፊቱ ይመስላል ወይስ አይመስልም ብሎ ከመጠየቁ በፊት በዙሪያው የተከመረውን ዕቃ ይቍጠር፤ ከዚያም ከሸራው ውጭ የቀሩትን ሰዎች ይፈልግ።